ከሚስቴ ጋር ፖከር የሚጫወተው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በዕድሜዬ እንደዚያ ክረምት ቀንቼ ስለማላውቅ ነው። ቅናቱ በአንድ ሰው ላይ ጀመረ፤ ከዚያ ባላሰብሁት መንገድ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ታሪኩን የሰሙ ጓደኞቼ ይስቃሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ገጠር ነው የምውለው፤ ከብት እከትባለሁ፣ የታመመ በሬ አያለሁ፣ መውለድ ያቃታትን ላም አዋልዳለሁ። ባለቤቴ ስመኝ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ልጅ ገና አልወለድንም። ሁለታችንም ደክሞን እንገባለን፣ ራት እንበላለን፣ እንተኛለን። ሰላም ነበርን።

ሰኔ ላይ ስመኝ ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ። ሌላው ሁሉ ተረፈላት፤ ግራ እግሯ ግን ተሰበረ። ጀሶ ተደረገላትና ክረምቱን ቤት እንድትውል ታዘዘ። ስመኝ መቀመጥ የማትችል ሰው ናት። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ለይታ ማወቅ ጀመረች። እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ እንደ ታሰረ ሰው ታየኛለች።

ያኔ ነው ፖከር ያስተማርኋት። ባሕር ዳር ስማር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በስልክ እንጫወት ነበር። በገንዘብ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ በየቀኑ የውሸት ገንዘብ ያድላል፣ ሲያልቅ እስከ ነገ መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ አልጋው ላይ የወረቀት ካርታ ዘርግተን በገንዘብ ፈንታ የሽምብራ ቆሎ እያስያዝን አሳየኋት። ያሸነፈችውን ትበላዋለች። ከዚያ ጨዋታውን ስልኳ ላይ ጫንሁላት።

ያስተማርኋት ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻሉ አምስት ካርታዎችን የሰበሰበ ይበላል። ምንም ሳይዝ ሌላውን አስፈራርቶ ያስወጣም ይበላል። ስመኝ ሁለተኛውን መንገድ ወደደችው። ብዙም ሳይቆይ እኔን ማሸነፍ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ አላለኝም፤ ግን አሟት ነው ብዬ ቻልሁት።

አንድ ቀን ከማንኩሳ ስመለስ ሳቋን ከውጭ በር ላይ ሰማሁት። ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው። እንዲህ ያለ ሳቅ በቤታችን ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

"ምን ተገኘ?" አልኋት።

"አንድ ሰውዬ ነው። ምንም ሳይዝ አስፈራርቶ አስወጣኝ፤ ከዚያ ባዶ እጁን ገልጦ አሳየኝ። ሌባ!"

"የት ያለ ሰውዬ?"

"እዚሁ ጨዋታው ላይ። ፈረሰኛው ነው የሚባል።"

ስልኳን አየሁት። በጨዋታው ላይ ሁሉም የፈለገውን ስም ያወጣል። ስመኝ "ዳሞት" ብላለች። ሰውየው "ፈረሰኛው" ነው፤ በፎቶው ቦታ የቆመ ጥቁር ፈረስ አለ። ከዓለም ዙሪያ በተሰበሰበ ሰው መሐል በአማርኛ "ጎበዝ!" ብሎ ሲጽፍላት ነው የተዋወቁት።

"አገሩ የት ነው?"

"ጎጃሜ ነው። ሌላ አልጠየቅሁትም። ካርታ ላይ ስምና አገር አይጠየቅም ብሎኛል።"

ይህቺ "ብሎኛል" የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ፈረሰኛው ቤታችን ገባ ማለት ይቻላል። ለብቻቸው ጠረጴዛ ከፈቱ። እሱ ሆልደም ይሰለቸዋል መሰለኝ፣ ኦማሃ ወደሚባለው ወሰዳት። እኔም ከኋላ እንዳልቀር ብዬ ኦማሃን ሞከርሁት። በእጅ አራት ካርታ ይሰጣል፤ መጠቀም የሚቻለው ግን በሁለቱ ብቻ ነው። እኔ ይህን እየረሳሁ አሸነፍሁ ስል እሸነፋለሁ። ኦማሃን ሳልለምድ እነሱ ስተድ ገቡ፤ እዚያ የጋራ ካርታ የለም፣ የእያንዳንዱ ሰው ካርታ ከፊሉ ተገልጦ ከፊሉ ተደፍቶ ነው። ስተድ ሳይገባኝ ድሮው የሚባለውን ጀመሩ። ድሮው ከሁሉም የቆየው ነው። አምስት ካርታ ይሰጣል፣ ሁሉም የተደፋ ነው፣ ያልፈለጉትን ይለውጣሉ፣ አለቀ።

"ምንም የሚታይ ካርታ ከሌለ ምን አይተሽ ነው የምትወስኚው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ሰውየውን።"

"በስልክ ሰው ይታያል?"

"አመላለሱ ይታያላ። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ይዘገያል፣ የሚያስብ ይመስላል። ሲዋሽ ግን ወዲያው ነው የሚወረውረው። ዛሬ ደግሞ እንደዛ መሆኑን እንዳወቅሁበት አውቆ ገለበጠው!" አለችና ሳቀች።

እኔ ተናድጄ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ፤ የእኔን መናደድ አላየችም። የማታውቀውን ሰው ትንፋሽ ግን ቆጥራ ይዛለች።

መቅናት ከጀመርሁ በኋላ ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነ። ጠዋት ተነሥታ ፀጉሯን ስታበጥር ለማን ነው እላለሁ። ዝም ብላ ወደ መስኮቱ ስታይ ምን እያሰበች ነው እላለሁ። አንድ ቀን ስልኳን ቻርጅ ላይ ስሰካ የጻፈችለትን አየሁ። "አንተ ሌባ፣ ዛሬ ሳላራግፍህ አትሄድም" ይላል። ዓይኔን ያሰረው "አንተ" የሚለው ነው። ስመኝ ሰው የምታከብር፣ በትንሽ የሚበልጣትን ሁሉ አንቱ የምትል የአዴት ልጅ ናት። አንተ ካለችው እኩያዋ ነው፤ እኩያዋ ከሆነ ደግሞ ወጣት ነው። ወጣት ፈረሰኛ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ጥቁር ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ጎፈሬው የተበጠረ ጎረምሳ ይታየኝ ጀመር።

ልጠይቃት አፈርሁ። በስልክ ጨዋታ ቀናህ እንዳልባል። ስለዚህ ከመጠየቅ የባሰ ነገር አደረግሁ። በሌላ ስም ገባሁባቸው።

ማንኩሳ አካባቢ ከብት ስንከትብ ነበር። ዝናቡ ሲጠነክር አንድ ገበሬ ቤት ጥግ ተጠለልሁና ስልኬን አወጣሁ። የጠረጴዛቸውን መግቢያ ቁጥር ቀደም ብዬ ከስልኳ አይቼ ይዣለሁ። ስሜን "እንግዳ" ብዬ ቁጭ አልሁ። ሁለቱም አሉ። ፈረሰኛው "እንኳን ደህና መጣህ እንግዳ፣ ቤት ለእንቦሳ" አለኝ። ጥርሴን ነክሼ "እንቦሳ እሰሩ" አልሁት።

ድሮው ነው የምንጫወተው። እኔ የማስበው ስለ ካርታዬ አይደለም፤ እሱን ስለማዋረድ ነው። በየዙሩ ያለኝን ሁሉ እየገፋሁ እገባበታለሁ። እሱም በየዙሩ በእርጋታ ይበላኛል። ትንሽ ቆይቶ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

"እንግዳ፣ ካርታ አልጠላህም፤ አንተ ነህ የተናደድህ። ትንሽ ቁጭ በልና ተመልከት።"

ከስሩ ደግሞ ስመኝ ጻፈች። "ተወው፣ ባሌን ነው የሚመስለው። እሱም ሲናደድ እንዲህ ነው።"

ፈረሰኛው መለሰላት። "እንግዲያው ባልሽን ታገሺው። የሚናደድ ሰው የሚወድደው ነገር አለው።"

ፊቴ ጋለ። የቤቱ ባለቤት ላሚቱን በገመድ ይዘው ያዩኝ ነበር።

"ምነው ሐኪም፣ ክፉ ወሬ ደረሰህ እንዴ?" አሉኝ።

"ደህና ነው አባቴ፣ ከሥራ ነው" አልኋቸው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ላሚቱን ከተብሁ። የማላውቀው ሰው ከሚስቴ ጋር ሲያማልደኝ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ሥራ አልነበረኝም፤ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳይክሌን አጥባለሁ። ስመኝ በረንዳው ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ትጫወታለች። ረፋዱ ላይ ድንገት ዝም አለች። ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ተለውጧል።

"ጠፋ" አለች።

"ማን?"

"ፈረሰኛው። ዙሩ መሐል ላይ። ጊዜው አልቆበት ካርታው ተጣለ።"

"ኔትወርክ ይሆናል።"

"መስመር ላይ ነው እኮ፣ ይታያል። ዝም ብሎ ነው። ይኼ ሰው ሳይሰናበት ሄዶ አያውቅም።"

እኔ ሞተሬን ማጠብ ቀጠልሁ። አላብልም፣ ደስ አለኝ። ፉጨት ሁሉ አፉጭቻለሁ። ምሳ ቀርቦ አልበላ ስትል ግን ደስታዬ ወደ ንዴት ተለወጠ። ክራንቿን ይዛ ከበረንዳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ በረንዳ ትላለች። ስልኩን ታያለች። ትጽፋለች። መልስ የለም።

"ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?" አልሁ በመጨረሻ። "ወንዝ ሞልቶብኝ ሽንዲ ያደርሁ ጊዜ እንኳ ተኝተሽ ነው ያገኘሁሽ!"

ደንግጣ አየችኝ። "ምን እያልህ ነው?"

"ይኼ ጎረምሳ ማነው? ዛሬ ትነግሪኛለሽ!"

"የቱ ጎረምሳ?"

"ፈረሰኛሽ ነዋ!"

የሳቅም የልቅሶም የሚመስል ድምፅ አወጣች። "ጎረምሳ? ሽማግሌ እኮ ናቸው! ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። አንቱ ካልሽኝ አልጫወትም ብለውኝ ነው አንተ የምላቸው። በልጅነታቸው ሰርግ ላይ ፈረስ ይጋልቡ ነበር፤ ስሙ ከዚያ ነው።"

"በምን አወቅሽ እውነት መሆኑን? የሚዋሽ ሰው ነው ብለሽኝ የለ!"

"ካርታ ላይ ነው የሚዋሹት። ስለ ልጃቸው የነገሩኝን ብትሰማ ሽማግሌ መሆናቸውን አትጠራጠርም ነበር።"

"ምን ነገሩሽ?"

ተቀምጣ፣ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሰውየው ድሮ ሾፌር ነበሩ። በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ ሲሄዱ ትንሹ ልጃቸው ከአባቴ ጋር ልሂድ ብሎ በስውር ጆንያዎቹ መሐል ተደብቆ ይሳፈራል። ደጀን ላይ ቆመው ጭነቱን ሲያዩ ልጁን ያገኙታል። ዓይኑ አብጦ አልገለጥ ብሏል፤ አፉ፣ አፍንጫው እሳት ሆኗል። በእጁ ግን አንድ የተጠበሰ በቆሎ ይዟል። ለአባቴ ስንቅ ነው ብሎ ሳይበላው ነው የመጣው።

"በንዴት በጥፊ መታሁት ብለውኛል። ከዚያ ዓይኑን በወተት አጥበው አስተኙትና ከመኪናው ኋላ ሄደው አለቀሱ። ዕድሜ ልኬን ያን ጥፊ አልረሳሁትም፣ ለልጁም አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም ነው የሚሉት። ይኼ የጎረምሳ ወሬ ነው?"

ቆሜ ቀረሁ።

ጥፊውን አስታውሳለሁ። በርበሬውን አስታውሳለሁ። በቆሎውን ከእኔና ከአባቴ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለስመኝ እንኳ አልነገርኋትም፤ አፍርበት ነበር። አባቴ ከመኪናው ኋላ ሄደው ማልቀሳቸውን ግን እኔም አላውቅም ነበር።

"ስመኝ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ" አልኋት።

አባቴ ቡሬ ነው የሚኖሩት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ምግብ ከምትሠራላቸው ሴት በቀር ሌላ ሰው የላቸውም። ስልኩን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፤ ለመደወል ካልሆነ ለሌላ ነገር ይጠቀሙበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስደውልላቸው "ደህና ነህ? ከብቱ ደህና ነው? በል ገንዘብህን አትጨርስ" ብለው ይዘጋሉ። ከእኔ ጋር ያላቸው ወሬ ይኼው ነው።

ወዲያው ደወልሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ። ምግብ የምትሠራላቸው ሴት ጋ ስደውል ለልቅሶ ሽንዲ እንደሄደችና እስከ ሰኞ እንደማትመለስ ነገረችኝ። ስመኝ ክራንቿን ይዛ ተነሥታለች።

"አንቺ እዚሁ ሁኚ" አልኋት።

"አልሆንም" አለች።

ሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ ጠዋት ያፏጨሁትን ፉጨት ነው የማስበው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ስመኝ በድንገት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች።

"ወይኔ ጉዴ! ምን ይውጠኛል? ስለ አንተ ያላልኋቸው የለም እኮ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ተወኝ በእመቤቴ!"

"ምን አልሻቸው፣ ስመኝ?"

እስከ ቡሬ ድረስ ነጠላዋን ከፊቷ አላወረደችም።

የአባቴ የቆርቆሮ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። "አባየ!" ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ስጮህ ከውስጥ "ማነው?" የሚል የደከመ ድምፅ ሰማሁ። በአጥሩ ዘልዬ ገባሁ።

ከቤቱ ጥግ ታዛ ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ልብሳቸው በስብሷል። ቀኝ እግራቸው በማይሆን በኩል ዞሯል። ለካ ረፋዱ ላይ ጨዋታውን እንዲያው ትተው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው የተሰጣውን በርበሬ ሊያነሡ ወጥተው ጭቃው አንሸራቷቸዋል። ስልኩ አልጋው ላይ ነው። ተጣርተዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማን ይስማ።

"አባየ! ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆንሁ። ትንሽ ተቀምጬ ነው" አሉ።

አባቴ እንዲህ ናቸው። በሩን ለስመኝ ከፈትሁና ተመልሼ በብብታቸው ይዤ ላነሣቸው ሞከርሁ። ከባድ ናቸው። ስመኝ በክራንቿ እየተንፏቀቀች መጣች። ሌላ ጊዜ አባቴ ፊት ስትቀርብ ጎንበስ ብላ ጉልበት ስማ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ዝም ነው የምትለው። በፊታቸው እህል እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ያን ቀን ግን ስታያቸው እንባዋ መጣና፣

"ሳትሰናበተኝ የት ሄድህ?" አለቻቸው።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ዳሞት?" አሉ።

"አቤት" አለች።

አባቴ ያቃስታሉ ብዬ ስጠብቅ መሳቅ ጀመሩ። እየሳቁ ያማቸዋል፣ እያመማቸው ይስቃሉ። "ያን ዙር ማን በላው?" አሉ።

"እኔ በላሁት። ጊዜዎ አልቆ ካርታዎ ተጣለ።"

"ምን ይዘሽ ነበር?"

"ምንም።"

"አንቺ ሌባ!" አሉና ሳቁ እንደገና አሸነፋቸው። እኔ በክንዴ ታቅፌያቸዋለሁ፣ ጭቃቸው ልብሴ ላይ ነው፣ የልባቸው ምት ደረቴ ላይ ይሰማኛል። የሚያዩት ግን እሷን ነበር። በዚያ ሰዓት፣ አባቴ በሕይወት በመገኘታቸው እግዚአብሔርን እያመሰገንሁ፣ ቀናሁ። አባቴ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰብሯል። ጀሶ ተደረገላቸውና እስኪሻላቸው እኛ ቤት አመጣኋቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጀሶ ሆነ። ጠዋት ሥራ ስሄድ አንዱን በዚህ ግድግዳ፣ አንዷን በዚያ ግድግዳ አስደግፌ፣ እግራቸውን ዘርግተው ፊት ለፊት ትቻቸው እወጣለሁ።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። አይነጋገሩም። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ይነካካሉ። ድንገት አባቴ ብቻቸውን ይስቃሉ፤ ቀጥላ ስመኝ ትስቃለች። ለካ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይጻጻፋሉ። በአፏ አንተ ልትላቸው ታፍራለች፤ አንቱ ካለቻቸው ደግሞ እሳቸው አይጫወቱም። ስለዚህ በአፍ "አባባ፣ ውኃ ላምጣልዎ?" ትላለች፣ በጣቷ ደግሞ "ዛሬ አለቀልህ" ብላ ትጽፋለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን አያለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔንም አስገቡኝ። በእውነተኛ ስሜ። ሆልደም ሲሆን ትንሽ እታገላለሁ፤ ሌላው ላይ ሁለቱም ይበሉኛል። አባቴ ኦማሃንና ድሮውን የት እንደተማሩ የሰማሁትም ከስመኝ ነው። በወጣትነታቸው መንገድ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ካምፕ ውስጥ ሲነዱ ድሮውንና ስተድን ከመሐንዲሶቹ ለመዱ። እናቴ ካርታ የሚባል ነገር ስለምትጠላ ቤት አላስገቡትም። ስልኩን ሲያገኙ ጨዋታውን ፈልገው አወጡትና ያላወቁትን ዓይነት ሁሉ ብቻቸውን ተማሩ። ስመኝ ይህን ስትነግረኝ "አታውቅም ነበር እንዴ?" ትለኛለች። አላውቅም ነበር። የፈረሳቸውን ስም እንኳ ታውቃለች። እኔ አባቴ ፈረስ ላይ ወጥተው እንደሚያውቁም አልሰማሁም።

መጀመሪያ ሚስቴን ወሰደብኝ ብዬ ነበር የቀናሁት። አሁን ደግሞ አባቴን ወሰደችብኝ ብዬ ቀናሁ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

አንድ እሁድ ጢማቸውን ስላጫቸው መታገሥ አቃተኝ። ምላጩን አስቀመጥሁና፣

"አባየ፣ የደጀኑን ነገር ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?" አልኋቸው።

ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነበር።

"አንተ ፊቴን ታየዋለህ" አሉ። "እሷ አታየኝም ነበር። ሰው ፊቱን ለሚያየው ሁሉን አይናገርም ልጄ።"

ከዚያ "በል ጨርሰው፣ ይደርቃል" ብለው አገጫቸውን ቀና አደረጉልኝ። እኔም ላጨኋቸው።

እግራቸው ሲድን ወደ ቡሬ ተመለሱ። ዛሬ በዱላ ይሄዳሉ፣ ደህና ናቸው። ከስመኝ ጋር ይጫወታሉ። ስለ እኔ የተባባሉትን እስከ ዛሬ ሁለቱም አልነገሩኝም። ስጠይቃት እሳቸውን ጠይቅ ትለኛለች፤ ስጠይቃቸው ከብቱ ደህና ነው ወይ ይሉኛል።

በቅርቡ ለክትባት ሽንዲ ሄጄ ነበር። ከሥራ በኋላ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ስልኬን አውጥቼ ጻፍሁላቸው። ለአባቴ ጽፌ አላውቅም፤ መደወል ብቻ ነበር። "አባየ፣ ሽንዲ ነኝ። ሽንዲን ያውቁታል?" አልሁ።

ቆዩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። አይመልሱም ብዬ ስልኩን ላስገባ ስል መጣ። አንድ ገጽ ሙሉ ነው። በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ እንደሚጽፉ ስለማውቅ ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው ገመትሁ።

በጥር ወር ጭነት ይዘው ሽንዲ ደርሰው ሳለ፣ የሰርግ ሰዎች የሙሽራዪቱ በቅሎ ታመመችብን ብለው ይለምኗቸዋል። ሙሽራዪቱን ጋቢና አስቀምጠው፣ ሚዜውንና አጃቢውን ከላይ ጭነው ይሄዳሉ። ወንዝ ሲሻገሩ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ሰርገኛው በሙሉ ወርዶ ገፋ። "የሙሽራዪቱ ታናሽ እህት" ይላል የአባቴ ጽሑፍ፣ "ጫማዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከወንዶቹ እኩል ስትገፋ በመስታወት አየኋት። መኪናው ከወጣ በኋላም ለመሄድ አልቸኮልሁም፤ እንድትገፋ ብዬ እንደገና ማርሹን ዜሮ አደረግሁት። እናትህ ናት።"

ከታች አንድ መስመር ብቻዋን ነበረች። "ይህን ለስመኝ አልነገርኋትም።"

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። አንገቴን ደፍቼ ደግሜ አነበብሁት። ቤት ስገባ ስመኝ ምን አግኝተህ ነው ፊትህ የበራው አለችኝ። ምንም አልኋት። አላመነችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አባቴ እንጻጻፋለን፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች፣ ማን ነው ትለኛለች።

ይህ ጽሑፍ ከወጣ ስመኝ ማንበቧ አይቀርም። ታንብበው። የሽንዲውን ታሪክ ግን እኔ ቀድሜያት ሰምቼዋለሁ።